የኩላሊት ጠጠር፦ ምንነቱና መከላከያው

ኩላሊቶቻችን ደምን ያጣራሉ፤ መወገድ የሚገባውንም ዝቃጭ በውኃ አሟሙተው በሽንት ያስወጣሉ። ውኃው ሲያንስ ሽንት መጠኑ ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት መሟሟት ይሳናቸውና ይጋግራሉ። የኩላሊት ጠጠር የምንለው ይህን ነው። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም ኦክሳሌት ከተባለ ውሕድ የተሠራ ነው።

ጠጠሩ በኩላሊት ውስጥ ሳለ ምልክት ላያሳይ ይችላል። ወደ ሽንት ቱቦ በወረደ ጊዜ ግን ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ብርቱ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና ደም የቀላቀለ ሽንት ያስከትላል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር ብዙውን ጊዜ በራሱ ይወጣል። ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ሽንት ከተቋረጠ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ጸበል መጠመቅና ሐኪም ዘንድ መሄድ አይጋጩም፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ይህን ትምህርት ያቀረብነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐቢይ ጾም በብዙው የሀገራችን ክፍል ፀሐይ በሚበረታበት ወቅት ይውላል። ጾም ጠጠር ያመጣል ማለታችን አይደለም፤ ቀን ያልጠጣነውን ውኃ ማታ መተካት እንዘነጋለን ማለታችን እንጂ። ስለዚህ፦

1. በቀን ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ፈሳሽ እንጠጣ፤ ይህንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከጾም መፍቻ እስከ መኝታ ከፋፍለን ይሁን። ሽንታችን ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃው በቅቶናል። የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ።

2. ጨው እንቀንስ፤ ጨው ሲበዛ በሽንት የሚወጣው ካልሲየም ይጨምራልና።

3. «ጠጠሩ ከካልሲየም ነው» ብለን በፍስክ ወቅት ወተት አንተው። ከምግብ ጋር የገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ሥጋ ማብዛት ግን ለጠጠር ያጋልጣል።

4. ከዚህ ቀደም ጠጠር የወጣለት ሰው ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ አያብዛ። ሎሚ በውኃ ጨምቆ መጠጣት ይረዳዋል።

ጠጠር ተመላላሽ ሕመም ነው። የታመመ ሰው የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሕሙማን ርኅሩኅ ናትና። የሰበካ ጉባኤያት ደግሞ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን እንዲገኝ ቢያደርጉ፣ ካህናትም ከቅዳሴ በኋላ ይህን ምክር በአጭሩ ቢያሰሙ፣ ብዙ ወገኖቻችንን ከጽኑ ሕመም እንታደጋለን።