የኩዊን ክሊፖችና የኛ ሰዎች ምስል

በክፍል ውስጥ ስለ ድምፅና ምስል ዝምድና ስንማር በምሳሌነት የሚቀርቡልን አብዛኛውን ጊዜ ፊልሞች ናቸው። እኔ የሮክ ሙዚቃ አድናቂ በመሆኔ ጉዳዩን በክሊፕ በኩል ለማየት ፈለግሁ። እርግጥ ኮልፌ አጠና ተራ ላይ ቆሞ "ሮክ እወዳለሁ" ማለት ትንሽ ያስቃል፤ "ያ ጩኸቱን ነው?" ይሉሃል። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 በቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት "ኤርታሌ"ን ካወጣ ወዲህ ጥያቄው ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። ይሁን እንጂ ኩዊን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ ክሊፖች በተከታታይ ያየ ሰው ከጩኸት ያለፈ ነገር ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ባንዱ ክሊፖቹን ሰብስቦ "ግሬተስት ፍሊክስ" በሚል ስም በቪዲዮ ካሴት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን፣ ሁለተኛው ስብስብ በ1991 ተከትሏል። ከሁሉም በላይ የሚነሳው በ1975 የተሠራው "ቦሄሚያን ራፕሶዲ" ነው። ዘፈኑ ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ፣ መሐሉ ላይ ኦፔራ የገባበት፣ ድምፅ በድምፅ ላይ ተደራርቦ የተቀዳ ነው። ይህን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሄዶ ከንፈር እያንቀሳቀሱ ማስመሰል አይቻልም፤ ባንዱም የሙዚቃ ጉዞ ላይ ነበር። ስለዚህ ብሩስ ጋወርስ የተባለው ዳይሬክተር ኤልስትሪ በሚገኝ ስቱዲዮ በአራት ሰዓት ገደማ ቀረጸው። ወጪው 5 ሺህ ፓውንድ አልሞላም። ፊቶቹ እንደ ማር እንጀራ የሚበዙት በሌንስ ፊት በተደረገ መስታወት ነው። የፍሬዲ ሜርኩሪ ፊት እየተደጋገመ ወደ ኋላ የሚርቀው ደግሞ ካሜራውን ወደ ራሱ ሞኒተር በማዞር ነው። ኮምፒውተር የለም፣ ቅንብር ክፍል ውስጥ የተጨመረ ተአምርም የለም። ዘፈኑ ዘጠኝ ሳምንት በእንግሊዝ አንደኛ ሆኖ ቆየ።

እዚህ ላይ የኛን ክሊፕ ማንሳት ግድ ይላል። ዘፋኙ ስለ ወንዝ ሲዘፍን ወንዝ ይታያል፤ ስለ ዓይኗ ሲዘፍን ካሜራው ዓይኗ ላይ ይጠጋል፤ ቀጥሎ አረንጓዴ መስክ፣ ከዚያ ተወዛዋዦች። ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛው ግን ምስሉን የግጥሙ አስተርጓሚ ያደርገዋል። ችግሩ የገንዘብ ነው ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልስማማም፤ የ1975ቱ ክሊፕ በርካሽ ነው የተሠራው። የጎደለን ምስሉ ከግጥሙ ሌላ የራሱ ሥራ እንዳለው ማመን ነው።

ኩዊን ሁልጊዜ ተሳክቶላቸዋል ማለትም አይቻልም። በ1984 "አይ ዎንት ቱ ብሬክ ፍሪ" ላይ አራቱም የሴት ልብስ ለብሰው፣ ፍሬዲ ጢሙን ሳይላጭ ቤት ሲጠርግ ይታያል። እንግሊዞች የሚያውቁት የቴሌቪዥን ድራማ ቀልድ ስለሆነ ሳቁ፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ቀልዱ አልገባቸውም፣ አልተወደደምም። ምስል ከአገር አገር ሲሻገር ትርጉሙን እንደሚጥል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የ1991ዱ "ዚዝ አር ዘ ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ" ደግሞ በጥቁርና ነጭ የቀረበ ነው። ፍሬዲ በጣም ከስቷል፤ ቀለሙ መውጣቱ ሕመሙን ለመሸፈን እንደረዳ ይነገራል። በዚያው ዓመት ኅዳር ኤድስ እንዳለበት ባስታወቀ ማግስት ዐረፈ። እኛም አገር በዚያ ዘመን "ሳንባ ነው" እየተባለ ስንቱ ተቀብሯል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የ1984ቱ "ሬዲዮ ጋ ጋ" ስለ ሬዲዮ መረሳት የሚናገር ዘፈን ነው፤ የሚገርመው ግን እጅግ የታወቀው በክሊፕ ነው። ክሊፑ ውስጥ ፍሪትዝ ላንግ በ1927 ያወጣው "ሜትሮፖሊስ" ፊልም ምስሎች ገብተውበታል፤ በርካታ ሰዎችም እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው በአንድነት ያጨበጭባሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ዌምብሌይ ስታዲየም የነበረው ከ70 ሺህ በላይ ሕዝብ ያንኑ ጭብጨባ ሳያዛባ ደገመው። ማንም አላለማመደውም፤ ከክሊፑ ነው የተማረው። ኩዊን የተሰጣቸው 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር፤ ብዙዎች እስከ ዛሬ ከሮክ መድረኮች ሁሉ የላቀ ይሉታል።

ያ መድረክ ላይቭ ኤይድ ነው። የተዘጋጀው ለኛ ረሃብ ነው። በ1984 ጥቅምት ማይክል በርክ ከኮረም ለቢቢሲ ያቀረበውና ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን የቀረጸው ዘገባ ቦብ ጌልዶፍን አስነሣ፤ ከዚያ የሆነው ሁሉ ሆነ። (አሚን ከ12 ዓመት በኋላ ኮሞሮስ አጠገብ በወደቀው የተጠለፈ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል።) በዚያው ቀን ዌምብሌይ ላይ ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ በምትኩ አንድ ፊልም አስተዋወቀ። የካናዳው ሲቢሲ ያቀናበረው ነው፤ በረሃብ የተጎዱ ሕፃናት ምስል፣ ከሥሩ ደግሞ "ድራይቭ" የተሰኘው የካርስ ባንድ ዘፈን። ከዚያ በኋላ የእርዳታው ገንዘብ እጅግ ጨመረ።

"ድራይቭ" ስለ ረሃብ አልተጻፈም፤ ችግር ውስጥ የገባች ወዳጅን የሚመለከት ለስላሳ ዘፈን ነው። ምስሉ ግን ዘፈኑን ወሰደው። ያንን ፊልም ካየሁ በኋላ ዘፈኑን ብቻውን መስማት አልቻልኩም፤ ልጆቹ ይመጡብኛል። በጥናት ቋንቋ ካየነው ምስል በድምፅ ላይ ሙሉ በሙሉ ያሸነፈበት ሥራ ነው፤ እኔም ቅድም ክሊፖቻችን ይጎድላቸዋል ያልኩት ኃይል እዚህ አለ። ግን በማን ፊት ነው የተገኘው? ሰዎቹ ስም የላቸውም። ከምስሉ ጋር የምንሰማው ዘፈኑን እንጂ እነሱን አይደለም። እናት ለልጇ በትግርኛ ወይ በአማርኛ የምትለው ነገር ይኖር ይሆናል፤ እሱን ጊታሩ ይዞታል። ገንዘቡ ብዙ ነፍስ መርዳቱን አልክድም፤ ሆኖም ኩዊንን ባየሁ ቁጥር ያ ጭብጨባ ደስ እያለኝ ይከብደኛል። ከዚያ ቀረጻ ሕፃናት አንዷ ብርሃን ወልዱ በ2005 ላይቭ 8 ላይ አድጋ፣ ተምራ፣ ከማዶና ጎን ስትቆም ቢያንስ ስሟ ተጠራ።

ከኛ በኩል የተሰጠ መልስም ነበር። በ1980 ዓ.ም. ገደማ "ሕዝብ ለሕዝብ" የኪነት ቡድን አውሮፓንና አሜሪካን ዞሮ እርዳታ ለሰጡት ምስጋና አቀረበ። ዓላማው በመንግሥት የተቀመጠ፣ ደርግም ገጽታውን የሚያሳምርበት መሆኑ አይካድም። እኔ ግን ቀረጻውን ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያ መድረክ ላይ የኛ ሰዎች ይታያሉ፣ ድምፃቸውም አብሮ ይሰማል።