መደበኛው ወይስ ውዱ? የጌም ኮንሶል ምርጫ ከምስል ጥራት ባሻገር

በኦስሎ የኤሌክትሮኒክስ መደብሮች አንድ ስም የያዙ፣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ጌም የሚያጫውቱ፣ ዋጋቸው ግን በእጅጉ የሚራራቅ ሁለት የሶኒ መሣሪያዎች ለሽያጭ ይቀርባሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ለገበያ የበቃው ፕሌይስቴሽን 5 ነው፤ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ነው። ልጅ ውዱን ይጠይቃል፤ ወላጅ ደግሞ ልዩነቱ ምን እንደሆነ ይጠይቃል። የወላጁን ጥያቄ ለመመለስ ሦስት ነገሮችን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፦ መሣሪያው የሚሠራውን፣ ዓይን የሚያየውን፣ እንዲሁም ጌሙ ወደ ቤት የሚገባበትን መንገድ።

ተጨማሪው ገንዘብ የሚገዛው

የጌም ምስል እንደ ፊልም አስቀድሞ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም። ተጫዋቹ ጣቱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ኮንሶሉ እያንዳንዱን ምስል በዚያው ቅጽበት ያሰላል። በሰከንድ 60 ምስሎችን ለማሳየት ለአንዱ ምስል የሚቀረው ጊዜ ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። አንድ ባለ 4ኬ ምስል ደግሞ 3840 በ2160፣ ማለትም 8.3 ሚሊዮን ያህል ፒክሰሎች አሉት። በዚህም ምክንያት በመደበኛው ኮንሶል ላይ ብዙ ጌሞች ለተጫዋቹ ምርጫ ያቀርባሉ፦ ወይ ጥርት ያለ ምስል በሰከንድ 30 ጊዜ፣ ወይ ጥራቱ ቀነስ ያለ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ።

ፕሮ የተሠራው ይህን ምርጫ ለማቅለል ነው። የመሣሪያው ዋና ንድፍ አውጪ ማርክ ሰርኒ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በሰጠው ማብራሪያ፣ ተጫዋቾች ምርጫው ሲቀርብላቸው ከአራት ሦስቱን ጊዜ ፍጥነትን እንደሚመርጡ ገልጿል። በአዲሱ መሣሪያ የግራፊክስ ማቀነባበሪያው የስሌት ክፍሎች ከ36 ወደ 60 አድገዋል፤ እንደ ኩባንያው ገለጻ ምስል የመሥራት ፍጥነቱ እስከ 45 በመቶ ይጨምራል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚታገዝ ዘዴም በአነስተኛ ጥራት የተሠራውን ምስል አጉልቶ ያጠራል። የማከማቻው መጠን 2 ቴራባይት ነው።

ሆኖም የጌሙን ሕግጋት፣ የገጸ ባሕርያቱን ብዛትና እንቅስቃሴ የሚያሰላው ዋናው ማቀነባበሪያ በሁለቱም መሣሪያዎች ተመሳሳይ ዓይነት ነው። ስለዚህ አንድ ጌም የሚንቀረፈፈው በምስሉ ሳይሆን በእነዚህ ስሌቶች ብዛት ከሆነ፣ ፕሮ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

ዓይን የሚያየው

ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለያይቶ የሚያየው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ያህል ሲሆን ነው። ይህ ልኬት በሳሎን ውስጥ ሊሰላ ይችላል። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለ3840 ሲካፈል የአንዱ ፒክሰል ወርድ 0.32 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ያህል የደቀቀ ነጥብ ለይቶ ለማየት ተመልካቹ በ1.1 ሜትር ርቀት ላይ መቀመጥ አለበት። የ1080 ጥራት ያለው ምስል ፒክሰሎች እንኳ ከ2.2 ሜትር በላይ ሲራቅ መለየታቸው ያበቃል።

እንግዲህ ሶፋው ከባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን 2.5 ሜትር ቢርቅ፣ ከተጨማሪው የምስል ዝርዝር አብዛኛው ዓይን ዘንድ አይደርስም። ቴሌቪዥኑ ባለ 75 ኢንች ከሆነ ግን የ1080 ምስል ወሰን ወደ 3 ሜትር ስለሚርቅ ልዩነቱ ይታያል። የእንቅስቃሴ ልስላሴ ደግሞ ከርቀትም ቢሆን ይታወቃል። ስለዚህ ከኮንሶሉ በፊት መለካት ያለበት ሳሎኑ ነው።

ዲስክ ወይስ ኢንተርኔት?

ብዙ ገዥዎች የሚዘነጉት ነጥብ ይህ ነው፦ ውዱ መሣሪያ የዲስክ ማጫወቻ የለውም። ፕሮ በአውሮፓ ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው 799.99 ዩሮ ነበር፤ ለብቻው የሚሸጠው ማጫወቻ 119.99 ዩሮ ነበር። ማጫወቻ ያለው መደበኛ ኮንሶል ደግሞ በዚያን ጊዜ በ549.99 ዩሮ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ዲስክ ለሚጠቀም ቤተሰብ እውነተኛው ልዩነት 250 ሳይሆን 370 ዩሮ ነበር። ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል፤ የማነጻጸሪያው መንገድ ግን ያው ነው።

በኦስሎ ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። የከተማዋ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ዳይክማን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በቢዮርቪካ የተከፈተውን ዋና ሕንጻውን ጨምሮ፣ ከመጻሕፍት ሌላ የኮንሶል ጌሞችንም ያውሳል። የዲስክ ማጫወቻ ያለው ቤተሰብ ከዚያ ይዋሳል፤ ያገለገለ ዲስክ በርካሽ ይገዛል፤ የጨረሰውን ይሸጣል ወይም ለወዳጅ ይሰጣል። በኢንተርኔት የተገዛ ጌም ግን ከገዥው አካውንት ጋር የተሳሰረ ስለሆነ መልሶ መሸጥ አይቻልም።

ኮንሶሉ ወደ ኢትዮጵያ የሚላክ ከሆነም ጥያቄው ይበልጥ ይጠብቃል። 100 ጊጋባይት የሚመዝን ጌም በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለማውረድ ከ22 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በዲስክ የተገዛ ጌም ይህን ሸክም ያቃልላል፤ ማሻሻያዎችን ማውረድ ግን ሊያስፈልግ ይችላል። ለብቻው የሚገጠመው ማጫወቻም መጀመሪያ ሲገጠም የኢንተርኔት ግንኙነት ስለሚጠይቅ፣ ከመላኩ በፊት ገጥሞ መሞከር ብልህነት ነው።

ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ

የኖርዌይ የሸማቾች ሕግ ገዥው ጉድለት ላለበት ዕቃ አቤቱታ የሚያቀርብበትን ጊዜ በመደበኛነት ሁለት ዓመት ያደርገዋል፤ ከዚያ በእጅጉ ለረዘመ ጊዜ እንዲያገለግሉ ለታሰቡ ዕቃዎች ደግሞ አምስት ዓመት ይፈቅዳል። በኢንተርኔት ለተገዛ ዕቃ በ14 ቀናት ውስጥ ሐሳብን የመቀየር መብትም አለ። ስለዚህ ደረሰኙን መጠበቅ ከማናቸውም ተጨማሪ ዋስትና ግዢ በፊት የሚመጣ ጥንቃቄ ነው።

ትልቅ ባለ 4ኬ ቴሌቪዥን ያለው፣ ቀረብ ብሎ የሚጫወት፣ ጌሞቹንም በኢንተርኔት የሚገዛ ሰው በፕሮ ላይ ያወጣውን ገንዘብ በዓይኑ ያየዋል። ሳሎኑ ሰፊ፣ ቴሌቪዥኑ መካከለኛ፣ ልጆቹም ከቤተ መጻሕፍት ጌም የሚዋሱ ቤተሰብ ግን መደበኛውን ቢመርጥ የሚያጣው ጥቂት ነው። የተረፈው ገንዘብም ለበርካታ ጌሞች መግዣ ይበቃል።