ዋጋውን ከመጠየቅ በፊት ወንበሩን መገልበጥ

ዛሬ የምናጠናው አንድ ዓይነት ወንበር ብቻ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ስሊፐር ቼር ይሉታል። ክንድ ማሳረፊያ የለውም፤ መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው፤ መደገፊያው ግን ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይረዝማል። የምግብ ጠረጴዛ ወንበር መቀመጫ ከወለል 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲርቅ የዚህኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ነው። ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ ለንደን የምትኖሩ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንዱን ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ሜትርና የእጅ ባትሪ ያዙና ተከተሉኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ፣ ለምን ዝቅ አለ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ የመኝታ ቤት ወንበር ነው። ወገቧን በኮርሴት ጥፍንግ ያደረገች ሴት እንደልቧ ጎንበስ ብላ ጫማዋን መቆለፍ አይሆንላትም። መቀመጫው ሲወርድ ትከሻዋም አብሮ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ እጇ ብዙ ሳትታጠፍ ጫማዋ ላይ ይደርሳል። ክንድ ማሳረፊያ የቀረውም ሰፊው ቀሚስ በግራና በቀኝ እንዲዘረጋ ነው።

ይህን የነገርኳችሁ ለጨዋታ ብዬ አይደለም፤ መምረጫው ከዚሁ ይወጣል። ወንበሩ የተሠራው ለአጭር ጊዜ ተቀምጦ ዝቅ ያለ ሥራ ለመሥራት ነው። ስለዚህ አልጋ አጠገብ፣ መግቢያው ላይ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ፣ ወይም ከረከቦቱ ጎን ያምርበታል። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና ማፍላት ለከበዳት እመቤት 38 ሴንቲ ሜትር ልክ ነው፤ ቀሚሷም አይጨነቅም። ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ግን አታስቀምጡት፤ የሦስት ሰዓት ወንበር አይደለም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ወይም አባት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም፤ የሚደገፉት ክንድ የለውምና መነሣቱ ፈተና ነው። ከመግዛታችሁ በፊት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ተቀመጡና ተነሡ። አንዴ አይበቃም፤ ደጋግሙት። በሁለተኛው ካቃሰታችሁ ወንበሩ ለእናንተ አልተሠራም፤ ውበቱን አድንቃችሁ እለፉ።

ሁለተኛው ነገር ዕድሜ ነው። ሻጮች አንቲክና ቪንቴጅ የሚሉትን ሁለት ቃል እያቀያየሩ ይጠሩባችኋል። የአሜሪካ የጉምሩክ ሕግ በ1930 አንቲክ ብሎ የቆጠረው ከ1830 በፊት የተሠራውን ብቻ ነበር፤ በ1966 ተሻሻለና ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ አንቲክ ተባለ። ቪንቴጅ ግን ይህን የመሰለ ወሰን የለውም፤ ሻጩ እንደወደደ ይጠራበታል። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ «ስንት ዓመቱ ነው? በምን አወቁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል።

ከአሜሪካ ወንበር ሠሪዎች መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ጆን ሄንሪ ቤልተር ነው። ጀርመን ተወልዶ ኒው ዮርክ የሠራ፣ በ1863 ያረፈ የቤት ዕቃ ሠሪ ነው። ሮዝዉድ የተባለውን ጥቁር ቡናማ እንጨት በስሱ ይሰነጥቃል፤ የአንዱን ንጣፍ መስመር ከቀጣዩ ጋር እያመሳቀለ በኮላ ይደርባል፤ ድርቡን በሙቀት አጉብጦ ከላዩ ላይ ወይንና ጽጌረዳ ይቀርጽበታል። በ1858 ለዚህ አሠራሩ የፈጠራ መብት አግኝቷል። አናጢዎቻችን ኮምፔንሳቶ ከሚሉት ጋር በመርሕ አንድ ነው፤ ቀጭን ሆኖም ስለማይሰበር ያን ሁሉ ቅርጻ ቅርጽ ይሸከማል። የመደገፊያውን ጫፍ ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ድርቦቹ መስመር መስመር ሆነው ይቆጠራሉ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ታዲያ ድርብ ሁሉ የቤልተር አይደለም። እዚያው ኒው ዮርክ ሚክስ የተባሉት ቤተሰቦችም ተመሳሳይ ሥራ ሠርተዋል፤ ቤልተር ምልክቱን የለጠፈባቸውና እስከ ዛሬ የተገኙት ዕቃዎች ደግሞ እጅግ ጥቂት ናቸው። ስም ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ የባለሙያ ዓይን ያስፈልጋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለቤት አገልግሎት ስም የለሹን የዋልነት እንጨት ወንበር እመርጣለሁ፤ ልጆች ቢወጡበት አያስደነግጥም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወንበሩ ሳሎን ገባ። ባልቲሞር የተወለደው የቤት ማስዋብ ባለሙያ ቢሊ ባልድዊን (1903–1983) በዚህ ይታወቃል። የእሱ ዓይነቱ ከላይ እስከ ታች ጨርቅ የለበሰ ስለሆነ ስለ እንጨት ብዙ የሚያስተምረን የለም፤ እንለፈው።

አሁን ወንበሩን እንገልብጠው። ሻጩን አስፈቅዱ፤ ወለሉ ላይ ጨርቅ አንጥፉ፤ መቀመጫውን የከበበውን እንጨት በግራና በቀኝ ይዛችሁ አንሡ። በመደገፊያው አታንጠልጥሉት፤ መጋጠሚያውን የሚያላላው እሱ ነው። ከሥር አቧራ መከላከያ ስስ ጨርቅ ተወጥሮ ካገኛችሁ ጥጉን ገለጥ አድርጋችሁ ለማየት ፈቃድ ጠይቁ። ባትሪውን ከላይ አታብሩበት፤ ከጎን፣ ከእንጨቱ ጋር አስተኝታችሁ አብሩ። ያን ጊዜ ጭረቱ ሁሉ ጥላ ይጥልና ይነበባል። ቀጥ ያሉ፣ ግን እኩል ያልሆኑ ጭረቶች የእጅ መጋዝ ናቸው። እንደ ቀስት የጎበጡት የክብ መጋዝ ናቸው፤ ክብ መጋዝ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ «የ1750 ወንበር» ላይ ከተገኙ ነገሩ አጠያያቂ ነው።

ቀጥሎ ብሎኑን እዩ። እስከ 1840ዎቹ አጋማሽ ድረስ የእንጨት ብሎን ጫፉ ደነዝ ነበር፤ ሹል ጫፍ ያለው በፋብሪካ መመረት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ራሱ ላይ የመስቀል ምልክት ያለው፣ ፊሊፕስ የሚባለው ደግሞ በ1930ዎቹ የመጣ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንድ የፊሊፕስ ብሎን ወንበሩን አዲስ አያደርገውም። ምናልባት የጠገነው ሰው ያስገባው ይሆናል። አጠገቡ የተደፈነ አሮጌ ቀዳዳ ካለ ጥገና ነው፤ አራቱም ማዕዘን ላይ ያለ አንዳች አሮጌ ቀዳዳ ፊሊፕስ ብቻ ከሆነ ግን ፍርዳችሁን መስጠት ትችላላችሁ።

በቶርኖ የተሠራ ክብ እግር ካለው ሌላም ምስክር አለ። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ በኩል እኩል አይሸበሸብም፤ ስለዚህ መቶ ዓመት ያለፈው ክብ እግር ዓይን በማያየው መጠን ሞላላ ሆኗል። በካሊፐር አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን ለኩት። ትንሽ ልዩነት ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ፍጹም ክብ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ያዙ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፤ እግሩ የተቆረጠ ወንበር። በገበያው ላይ ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ሞልቷል፤ ከስብስቡ ተለይቶ ብቻውን የቀረውን የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ መጋዝ ያነሣና ከአራቱም እግር ሰባት ስምንት ሴንቲ ሜትር ይቆርጥለታል፤ ተራው ወንበር በአንድ ከሰዓት በኋላ ስሊፐር ቼር ሆኖ ያድራል። እንዴት እንለየው? የፊት እግሩን ከላይ ወደ ታች በዓይናችሁ ተከተሉት። ዝቅ ተደርጎ የተሠራ እግር ሲጀመርም አጭር ሆኖ ስለታሰበ ጌጡ ሙሉ ነው፤ እብጠቱ አለ፣ ቅጥነቱ አለ፣ መጨረሻውም በሥርዓት ይዘጋል። የተቆረጠው ግን ጌጡን ሳይጨርስ ወለል ላይ ይደርሳል። የእግሩን መርገጫ ደግሞ ቀና አድርጋችሁ ተመልከቱ። መቶ ዓመት ወለል የረገጠ እግር ጠርዙ ተበልቶ ለስልሷል፤ የእንጨቱ ቀዳዳዎች በሰምና በእድፍ ተደፍነው ጠቁረዋል። አዲስ የተቆረጠው ጠርዙ ጣት ይቆርጣል ለማለት ያስደፍራል፤ መሀሉም ፈዛዛ ነው። ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ደግሞ ጥቁረቱ አራቱም ላይ እኩል ነው፤ እውነተኛ እድፍ እንዲህ እኩል አይከፋፈልም። እግሮቹን የሚያያይዘው አግዳሚ ወለሉን ሊነካ ከቀረበም እንዲሁ ጠርጥሩ።

ከዚህ ጋር መምታታት የሌለበት አንድ አለ። ብዙዎቹ የቪክቶሪያ ዘመን ወንበሮች የናስ ወይም የሸክላ ትንንሽ ጎማ ነበራቸው። የእግሩ መርገጫ መሀል ላይ አንድ ያረጀ ቀዳዳ ካያችሁ ጎማው ጠፍቶ ነው፤ ወንበሩም በዚያው መጠን አጥሯል። ይህ ነውር አይደለም። ጎማው ለብቻው ይገዛል፤ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው።

መልሳችሁ አቁሙት። አንድ ጉልበታችሁን መቀመጫው ላይ አሳርፉና መደገፊያውን በቀስታ ወደ ኋላ ግፉ። ዓይናችሁ የኋላው እግር ከመቀመጫው ጎን ጋር የሚገናኝበት ላይ ይሁን፤ ክንድ ማሳረፊያ ስለሌለ የመደገፊያው ጫና ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ስንጥቁ እንደ አፍ ከተከፈተ ላልቷል ማለት ነው። መላላቱ አያስደንግጣችሁ። የድሮዎቹ የተጠቀሙት ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የተቀቀለ ኮላ በሙቀትና በእርጥበት ይለቃል፤ ጥሩ አናጢ ፈትቶ መልሶ ያጣብቀዋል። የሚያስደነግጠው አንድ ቸኳይ ሰው ሚስማር የመታበት፣ የብረት ማዕዘን ያሰረበት ወይም ዘመናዊ ኢፖክሲ ያፈሰሰበት ነው። እሱን ለመፍታት እንጨቱን መስበር ሊያስፈልግ ይችላል።

ነቀዙን አትርሱ። አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ዘርግታችሁ እንጨቱን ቆርቆር አድርጉ። ወረቀቱ ላይ ዱቄት ከፈሰሰና የቀዳዳው ውስጥ ፈዛዛና ንጹሕ ከሆነ ነቀዙ ሥራ ላይ ነው፤ ወደ ቤታችሁ አታስገቡት። ቀዳዳው ጠቁሮ ዱቄት ከሌለ ምናልባት ታሪክ ሆኗል።

ስለ ላዩ ቅብ አንድ ምክር አለኝ፤ የብርጭቆ ወረቀት ከእጃችሁ ይራቅ። አሮጌ የሼላክ ቅብ በአልኮል የሚሟሟ ነው፤ በማይታይ ቦታ ላይ በጥጥ አንድ ጠብታ ነክታችሁ ከተጣበቀ ሼላክ ነው፤ በቀላሉ ይታደሳል። ፍቆ እንደ አዲስ ማድረግ ግን ዕድሜውንም ዋጋውንም አብሮ ይፍቃል። ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ የጤና ጉዳይ አለበት፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት የሚውል የእርሳስ ቀለምን ያገደችው በ1978 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተቀባውን ፍቃችሁ አቧራውን ልጆች እንዲተነፍሱት አታድርጉ።

መቀመጫውን በእጃችሁ ጫን በሉት። በዝግታ ወርዶ በዝግታ የሚመለስ፣ ከሥሩ ሞላ ከላዩ የፈረስ ጭራ ፀጉር ያለው፣ የድሮው አሠራር ነው። ጨርቁ ቢቀደድ እንኳ ፀጉሩን አታስጥሉ፤ ታጥቦና ተፍታቶ ዳግም ይሠራል። ወንበር የሚያለብሰው ባለሙያ «በስፖንጅ ልሙላው፣ ይመቻል» ሲላችሁ መጀመሪያ ቁጥር ስጡት፤ ሲጨርስ መቀመጫው ከወለል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሆን በወረቀት ጻፉለት። ወፍራም ስፖንጅ አምስት ሴንቲ ሜትር ከጨመረበት ከተራ ወንበር ጋር እኩል ሆኖ ይመለስላችኋል። እንግሊዝ ላላችሁ ደግሞ የ1988ቱ የእሳት ደኅንነት ደንብ ከ1950 በፊት የተሠራውን አይነካም፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራውን ግን የደንቡን መስፈርት የማያሟላ ከሆነ ነጋዴው ሊሸጥላችሁ አይገባም።

አዲስ አበባ ልትልኩት ካሰባችሁ የእንጨቱን ዓይነት አሁኑኑ እወቁ። የብራዚል ሮዝዉድ በ1992 ሳይተስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ውስጥ ገብቷል፤ በ2017 ደግሞ ወገኖቹ ሁሉ ቁጥጥር ተደረገባቸው። የመቶ ሃምሳ ዓመት ወንበርም ቢሆን ድንበር ሲሻገር ከስምምነቱ በፊት የተሠራ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ወረቀቱን የሚሰጠው አሜሪካ ውስጥ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው። ሻጩ እንጨቱን መለየት ካልቻለና እናንተም ወረቀት ለማስጨረስ ጊዜ ከሌላችሁ፣ ዋልነቱን ውሰዱ።