የሰርቨር ግልባጭና አዲሱ መሣሪያ

ምንባብ

ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያ የተጀመረ፣ በእጅ ስልክ ገንዘብ ለመላክና ለመቀበል የሚያስችል አገልግሎት ነው። በናይሮቢ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ገጠር ለሚኖሩ ወላጆቹ ገንዘብ የሚልከው በዚሁ ዘዴ ነው። ሒሳቡን የሚመዘግቡት ሰርቨሮች፣ ማለትም ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ ኮምፒዩተሮች፣ ለዓመታት የቆዩት ግን በጀርመን አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳፋሪኮም የተባለው ኩባንያ ሥራውን ወደ ኬንያ ባዛወረ ጊዜ የቀድሞውን ሥርዓት በአዲስ ሥርዓት ተካው።

አዲስ ሥርዓት መትከል ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የአሮጌውን ሰርቨር ሥርዓተ ክወና፣ ይኸውም የኮምፒዩተሩን ክፍሎች የሚያዝዘውን ፕሮግራም፣ እንዳለ ገልብጠው በአዲሱ መሣሪያ ላይ ይጭኑታል። ይህ አቋራጭ መንገድ ግን ሦስት እንቅፋቶች አሉት።

አንደኛው የክፍሎች አለመጣጣም ነው። ግልባጩ የሚያውቀው የአሮጌውን መሣሪያ ክፍሎች ነው። አዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ የሚያሠራ ድራይቨር ከሌለው፣ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሳይጀምር ይቆማል።

ሁለተኛው የማንነት መደበላለቅ ነው። የሰርቨሩ ስም፣ የኔትወርክ አድራሻውና የምስጢር ቁልፎቹ አብረው ይገለበጣሉ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ኔትወርክ ላይ በአንድነት ቢከፈቱ፣ ለአንዱ የተላከው መልእክት ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ ምክንያቱም በቀላሉ አይታይም። ሰርቨሩ በሥራ ላይ እያለ ቢገለበጥ፣ ግልበጣው ከተጀመረ በኋላ የገባ ሒሳብ በከፊል ብቻ ሊጻፍ ወይም ጭራሹን ሊቀር ይችላል። አዲሱ መሣሪያ ጤነኛ መስሎ ይሠራል፤ ለአንዲት እናት የተላከው ገንዘብ ግን ከመዝገቡ ላይ የለም።

ስለሆነም ጠንቃቃ ባለሙያ ግልባጩን ከኔትወርኩ ለይቶ አስቀድሞ ይፈትነዋል። በመጨረሻው ዝውውር ጊዜ አገልግሎቱን ያቆማል፤ የሁለቱን መዝገቦች ያስተያያል፤ አዲሱ እስኪታመን ድረስም አሮጌውን አይደመስስም። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰው የሰው ገንዘብ ሲሆን ግን መልቀሙም ያዳግታል።

መልመጃ

1. ሦስተኛው እንቅፋት ከሁለቱ ይልቅ የከፋ የሆነው ለምንድን ነው?
2. አሮጌው ሰርቨር ወዲያው ቢደመሰስ ምን ጉዳት ሊደርስ ይችላል?
3. «ግልባጭ»፣ «አቋራጭ» እና «እንቅፋት» በሚሉት ቃላት ዓረፍተ ነገሮች ሥሩ።