ሊቀር ይችል የነበረ ሞት



በአሜሪካ አገር በአንድ ትምህርት ቤት ወይም በገበያ አዳራሽ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሲሞቱ ወሬው ለብዙ ቀናት ከጆሮ አይጠፋም። በዚያ ዘመድ ያለን ሁሉ እንደነግጣለን። ከዚያ በኋላ ሁለት ዐይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ ወገን «ከጠመንጃ የከፋ ገዳይ የለም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሲጋራ የሚገድለው ዐሥር እጥፍ አይደለምን? ስለ ጠመንጃ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምንድን ነው?» ሲል ይመልሳል። በዚህ ትምህርት ሁለቱን አነጋገሮች በቁጥር እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቁጥሩ ምን ይላል?

በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰዎች በጦር መሣሪያ ሞተዋል። በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ከ42,000 በላይ፣ ከመጠን በላይ በተወሰደ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ደግሞ ከ106,000 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሲጋራ በሚያስከትላቸው በሽታዎች በዓመት 480,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የአገሪቱ የጤና ባለ ሥልጣኖች ለብዙ ዓመታት ሲገምቱ ቆይተዋል። ስለዚህ በብዛት ብቻ ከተመዘነ ጠመንጃ የመጀመሪያውን ስፍራ አይዝም።

ነገር ግን ሞት በብዛት ብቻ አይመዘንም። ሲጋራ በአብዛኛው የሚገድለው ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው፤ ጥይት ግን ብዙ ወጣቶችን ይቀጥፋል። በ2020 ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 19 ዓመት በሆኑት አሜሪካውያን ዘንድ የጦር መሣሪያ መኪናን አልፎ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ሆኗል። የአንዱ ሟች መብዛት የሌላውን ኀዘን አያቃልልም።

2. በቁጥሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ከ48,830ዎቹ መካከል 20,958ቱ በሰው እጅ የተገደሉ ናቸው። 26,328ቱ ግን፣ ማለትም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ የገዛ ሕይወታቸውን ያጠፉ ናቸው። በዜና የምንሰማው የጅምላ ግድያ ከጠቅላላው ጥቂቱ ክፍል ነው። እንግዲህ የምንፈራው ከማናውቀው ሰው የሚመጣውን ጥይት ሲሆን፣ የሚበዛው ሞት ግን ድምፁ ሳይሰማ የሚደርሰው ነው።

ብዙዎች «መሞት የቈረጠ ሰው መንገድ አያጣም» ይላሉ። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው። ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ከተረፈ ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ኋላም በዚህ መንገድ አይሞቱም፤ ጭንቁ ያልፋልና። ጠመንጃ ግን ለመጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ መሣሪያን መቈለፍ፣ ጥይቱን ለብቻ ማስቀመጥ፣ በጭንቅ ጊዜም ከቤት አውጥቶ ለታመነ ሰው ማስጠበቅ ነፍስ ያድናል።

3. መቀነስ ይቻላልን?

አዎን፣ ይቻላል። በ1972 በአሜሪካ መንገዶች ወደ 54,600 ሰዎች ሞተው ነበር። በ2011 ግን ሕዝቡም መኪናውም እጅግ በዝቶ ሳለ ቁጥሩ ወደ 32,500 ወርዷል። ይህ የሆነው መኪና ስለ ተከለከለ አይደለም። በ1966 ስለ መኪና ደኅንነት ሕግ ከወጣ ወዲህ የወንበር ቀበቶ፣ የመንገድ አሠራር መሻሻልና ጠጥቶ የሚነዳውን መቅጣት ተደማምረው ነው። በሲጋራም በኩል በ1965 ከ100 ዐዋቂዎች 42 ያህሉ ያጨሱ ነበር፤ በ2022 ግን 12 አይሞሉም።

በጠመንጃ በኩል ጥናቱ ራሱ ዘግይቷል። ይኸውም በ1996 የአገሪቱ ምክር ቤት ለበሽታ መከላከያው ማዕከል የሚሰጠው ገንዘብ የጦር መሣሪያ ቁጥጥርን ለመደገፍ እንዳይውል ስለ ደነገገ ጥናቱ ከ20 ዓመት በላይ ተዳክሞ ቆየ። ለዚሁ ጥናት 25 ሚሊዮን ዶላር የተመደበው በ2019 መጨረሻ ነው።

4. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በእኛ ዘንድ የአእምሮ ጭንቀት እንደ ገመና ተቈጥሮ ስለሚደበቅ ቅጠሉ ሳይደርስ ይቃጠላል። ጓደኛችን «መኖር ሰለቸኝ» ቢለን አንሣቅበት፣ አንቈጣውም። «ራስህን ለመግደል አስበሃልን?» ብለን በግልጽ እንጠይቀው። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አንተወው፤ ለታላላቆችና ለሐኪም እንንገርለት። ምሥጢር ከመጠበቅ ሰው መጠበቅ ይበልጣል። በአሜሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ከ2022 ጀምሮ በ988 ስልክ ሌት ተቀን ርዳታ ማግኘት እንደሚቻል ዕወቁ፤ ለሌላውም አሳውቁ።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. የሟቾችን ቁጥር ማነጻጸር የሚጠቅመው መቼ ነው? የሚጐዳውስ?
ለ. ከመኪናና ከሲጋራ ታሪክ ለጠመንጃ ምን ትምህርት ይገኛል?
ሐ. በመካከላችን የተጨነቀ ሰው ቢኖር ችግሩን ሳያፍር የሚነግረው ሰው ማን ነው?