የዞምቢ ተረትና የእብድ ውሻ በሽታ

ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ከሚያነሡዋቸው ጨዋታዎች አንዱ የዞምቢ ሲኒማ ነው። የሞተ ሰው ይነሣል፤ ሕያዉን ይነክሳል፤ የተነከሰውም እንደ ነካሹ ይሆንና ሌላውን ለመንከስ ይሮጣል፤ በመጨረሻም ከተማው ሁሉ ጠፍቶ ጥቂት ተራ ሰዎች ብቻ ይተርፋሉ። ከዚህ በኋላ «አንተ ብትሆን በምን ትተርፍ ነበር?» የሚል ክርክር ይነሣል። አንዱ ጠመንጃ፣ ሁለተኛው መኪና፣ ሦስተኛው ረጅም አጥር ይመርጣል። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሻው፣ ይህን ተረት በጣም የሚመስል እውነተኛ በሽታ በመካከላችን መኖሩን፣ ተራ ሰውም ከእርሱ የሚድነው በጠመንጃ ሳይሆን በውሃ፣ በሳሙናና በክትባት መሆኑን ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ዞምቢ የሚለው ስም ለዓለም የታወቀው ከሐይቲ አገር ነው። በዚያ አገር ባህላዊ እምነት ዞምቢ ማለት በአስማተኛ ኀይል ከመቃብር ተነሥቶ ያለ ፈቃዱ የሚያገለግል ፍጡር ነው እንጂ ሰው በላ አልነበረም። ሰው በላ ያደረገው ሲኒማ ነው፤ ይልቁንም ጆርጅ ሮሜሮ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. ካወጣው ፊልም ወዲህ ይህ ዐይነቱ ተረት በየአገሩ ተስፋፋ።

አሁን ወደ እውነተኛው ነገር እንለፍ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል፣ በዓይን ከማይታይ ረቂቅ ነገር ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻም ወደ ሥጋ ይገባል። ከገባም በኋላ ነርቭን ተከትሎ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። አንጎል ሲደርስ የእንስሳውን ጠባይ ይለውጣል፤ ወደ ምራቅ ዕጢዎችም ይወርዳል። ስለዚህ ለማዳ የነበረው ውሻ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ይሆናል፤ በንክሻውም ቫይረሱን ያስተላልፋል። ተረቱን የሚመስለው ይህ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ለመጠጣት ሲሞክር ጉሮሮው እየተኮማተረ ስለሚያስጨንቀው ውሃ ይፈራል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነዚህም ከ100 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

ነገር ግን በተረቱና በእውነቱ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። በሲኒማው የተነከሰ ሰው ወዲያው የጠፋ ሰው ነው። በእውነቱ ግን ከንክሻው እስከ ሕመሙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ያልፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከ1 ሳምንት ያነሰ ወይም ከ1 ዓመት የበለጠ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ በመንገድ ላይ ሳለ ክትባት ከቀደመው ሰውየው ይድናል። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን መንገድ የከፈተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ነው፤ እብድ ውሻ ለነከሰው የ9 ዓመት ልጅ በተከታታይ ክትባት ሰጠው፤ ልጁም በሽታው ሳይዘው ቀረ።

እንዲህ ከሆነ ሰው ዛሬም ስለ ምን ይሞታል? መልሱ ቁስሉ ትንሽ መሆኑና ቶሎ መሻሩ ነው። ቁስሉ ሲሽር ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሕፃንም ቁጣ ፈርቶ ይደብቃል። ስለዚህ የሚከተለውን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል።

1ኛ፤ ቁስሉን ሳይዘገዩ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ። የቫይረሱ ሽፋን ቅባት ያለበት ስለ ሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል።

2ኛ፤ አዮዲን ወይም አልኮል ቢገኝ ማድረግ፤ አመድ፣ በርበሬ ወይም ቅጠል ግን አለማድረግ።

3ኛ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለ ሆነ ቁስሉ ቢሽርም ማቋረጥ አይገባም። ቁስሉ የከፋ ከሆነ ሐኪሙ ሌላ መድኀኒት በቁስሉ ዙሪያ ይወጋል። ወደ ባህል መድኀኒት ወይም ወደ ጠበል የሚሄድ ሰው ቢኖርም ክትባቱን ያስቀድም።

4ኛ፤ ውሻው ጤነኛ ቢመስልና ባለቤቱ ቢታወቅ፣ አስሮ 10 ቀን መጠበቅና ማየት። ነገር ግን ይህን እየጠበቁ ሕክምናውን ማዘግየት አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ውሻን ማስከተብ ነው። በአንድ ቦታ ካሉት ውሾች ከ100 70ው ቢከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። ምሳሌው በአገራችን አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ይህ በሽታ በቀይ ቀበሮዎች መካከል ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ። ባለሙያዎች ግን በሽታው ሊሄድበት በሚችለው መንገድ ያሉትን ቀበሮዎች እየያዙ ከተቡ፤ በሽታውም ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች ሳይዛመት ቀረ። የዓለም ቀይ ቀበሮ ቁጥር 500 ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ይህ አንድን ዘር ከጥፋት የመጠበቅ ሥራ ነበር።

አባቶቻችን «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ይላሉ። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ውሻ ነከሰኝ ብሎ ሲመጣ ስለ ምን ወደዚያ ሄድህ ብላችሁ አትቆጡት፤ አስቀድማችሁ ቁስሉን እጠቡለት። እናንተም ጓደኞቼ፣ ጭረቱ የመርፌ ያህል ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን ለመናገር አትፈሩ።