ትኩሳት የያዘው የነቀርሳ በሽተኛና የኩላሊቱ ደኅንነት

ለነቀርሳ (ለካንሰር) በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት የበሽታውን ሕዋሳት ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ አይደለም። ፈጥነው የሚባዙትን ሕዋሳት ሁሉ ስለሚመታ፥ በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚፈጠሩትን የደም ነጭ ሕዋሳትም ያመነምናል። ከነዚህም መካከል ኒውትሮፊል የሚባሉት ወደ ሰውነት የሚገቡትን ተሕዋስያን እየዋጡ የሚያጠፉ ዘበኞች ናቸው። በጤነኛ ሰው በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ደም ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ፥ መድኃኒቱ በተሰጠ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ500 በታች ሊወርዱ ይችላሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። መግል የምንለው በአብዛኛው የነዚሁ ሕዋሳት ሬሳ ነው። እንግዲህ ዘበኞቹ ባለቁበት ሰውነት ቍስል ቢመረቅዝ እንኳ መግል ላይቋጥር ይችላል፤ ሳምባ ቢታመምም አክታው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ምልክት ትኩሳት ብቻ ይሆናል።

ቀድሞ ሐኪሞች የደሙ ምርመራ የተሕዋሲውን ዐይነት እስኪገልጽ ድረስ ይጠብቁ ነበር። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ውጤቱ ሳይደርስ በሽተኛውን ይገድል ነበር። በ1971 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ የነበሩ ሐኪሞች፥ ትኩሳቱ እንደ ታየ ውጤት ሳይጠብቁ ካርቤኒሲሊንና ጄንታሚሲን የሚባሉትን መድኃኒቶች አብሮ መስጠት እንደሚጠቅም አስታወቁ። በሬ የሚያርሰው በጥንድ ነውና፥ መድኃኒትም በጥንድ ሲሆን ይበረታል የሚለው አሳብ ከዚያ ወዲያ ለረዥም ዘመን ጸንቶ ኖረ።

ጄንታሚሲን ርካሽና ብርቱ መድኃኒት ነው፤ በአገራችን ሐኪም ቤቶችም የታወቀ ነው። ነገር ግን እርሱም ሆነ እንደ አሚካሲን ያሉት ወገኖቹ ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት በኩል ስለ ሆነ፥ ሲያልፉ በኩላሊት ጥቃቅን ቧንቧዎች ሕዋሳት ውስጥ እየተጠራቀሙ ይጐዷቸዋል። ጕዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ከቈየ በኋላ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን የሽንቱ መጠን ብዙ ጊዜ አለመቀነሱ ነው። ቤተ ሰቡ «ሽንቱስ ደኅና ነው» ብሎ ሲጽናና፥ ኩላሊቱ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው በደም ውስጥ ያለውን ክሬያቲኒን የሚለካው ምርመራ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው መድኃኒት ከሚያመጣው ጕዳት የሚበልጥ ጥቅም ይሰጣልን? ኮክሬን የተባለው የጥናት ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ 71 ጥናቶችን አሰባስቦ መዘነ። በአንዱ ወገን ከፔኒሲሊን ጋራ የሚዛመድ ቤታ ላክታም የሚባል መድኃኒት ብቻውን የተሰጣቸው፥ በሌላው ወገን ደግሞ የጄንታሚሲን ወገን የተጨመረላቸው በሽተኞች ነበሩ። አንድ ብቻ ከተሰጣቸው መካከል በተሕዋስያን ምክንያት የሞቱት አነሱ እንጂ አልበዙም፤ በኩላሊት ላይ የደረሰውም ጕዳት በጥንድ ከተሰጣቸው ጋራ ሲመዛዘን ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ፓይፐራሲሊን ታዞባክታም፥ ሴፌፒም ወይም ሜሮፔኔም ከሚባሉት አንዱን ብቻ ሰጥተው ይጀምራሉ።

ይህ ማለት ግን ጄንታሚሲን ተጣለ ማለት አይደለም። የደም ግፊቱ እጅግ ለወረደ በሽተኛ፥ ወይም ተሕዋሲው ሌሎቹን መድኃኒቶች የለመደ መስሎ ሲታይ፥ ሐኪሙ ይጨምረዋል፤ ሞት ደጃፍ ላይ ሲቆም የኩላሊት ሥጋት ሁለተኛ ይሆናልና።

ቤተ ሰቡ በቤቱ የሙቀት መለኪያ ሊኖረው ይገባል። ሙቀቱ አንድ ጊዜ እንኳ 38.3 ዲግሪ ቢደርስ፥ ወይም በ38 ላይ አንድ ሰዓት ቢቈይ፥ ሌሊትም ቢሆን በሽተኛውን ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢሰጠው ይመረጣልና። ሙቀቱ ሳይለካ ፓራሲታሞል መስጠት ምልክቱን ይሸፍናል። ዲክሎፌናክ ደግሞ ራሱ ኩላሊትን ስለሚጐዳ፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። የነቀርሳው መድኃኒት የተሰጠበትን ቀንና ስሙን በወረቀት ጽፎ መያዝ ይገባል፤ በተለይ ሲስፕላቲን የወሰደ እንደ ሆነ ኩላሊቱ አስቀድሞ የተጐዳ ሊሆን ስለሚችል፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን ከመምረጡ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።